የተገለበጠው ስም

«ንድፉን ለመሪጌታ አስናቀው ትናንት ልኬላቸዋለሁ እኮ» አለ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የሻው፣ ማሽኑ ላይ ወረቀት እየጫነ። «አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብለዋል።»

የማተሚያ ቤቱን ንድፍ የምትሠራው ምስጢር ማውሱን ለቀቀች።

ስክሪኑ ላይ «ኆኅተ ማርያም የአብነት ትምህርት ቤት» የሚለው ጽሑፍ በወርቅማ ቀለም ቆሟል። ከሥሩ ያው ጽሑፍ ተገልብጦ፣ ወደ ታች እየደበዘዘ፣ ጸጥ ያለ ውኃ ላይ እንዳረፈ ጥላ ይታያል። ነጸብራቁን ለማሳመር ሦስት ቀን ደክማበታለች። ዛሬ ጧት ግን ከቤቷ ከፀዳ ስትመጣ፣ ታክሲ ውስጥ ሆና በስልኳ ብታየው ውኃውም ጥላውም ጠፋባት። የታያት የእመቤታችን ስም በአናቱ ተተክሎ ነው።

አባቷ መሪጌታ ህሩይ አይከል ከተማ ቅኔ ሲያስተምሩ አንድ ባለጠጋ ገበሬ ታሞ ሞተ። «መሪጌታው ስሙን ገልብጦ ጽፎ ቀብሮበት ነው» ተባለ። ጽሑፉን ያየ ሰው አልነበረም፤ ወሬው ግን በቃ። ጉባኤያቸው ተበተነ፤ ጎረቤት በየደጁ ቆሞ እያየ ዕቃቸውን ጭነው ወጡ። ይኸው ስድስት ዓመት፣ ጎንደር ውስጥ ከቅጥር ጥግ ቆመው ያስቀድሳሉ እንጂ «ይምጡ፣ ያስተምሩ» ያላቸው የለም። የኆኅተ ማርያሙ ኃላፊ መሪጌታ አስናቀው ግን ባለፈው ሳምንት «እስቲ እናስብበት» አሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቷ ማለዳ ማለዳ ድምፃቸውን ሲሞክሩ ትሰማለች።

ነጸብራቁን አጠፋችው።

መሪጌታ አስናቀው አራት ሰዓት ሳይሞላ ገቡ። ጥምጥማቸው የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ።

«ይኸ አይደለም። ምነው፣ የታችኛው የት ሄደ?»

«አውጥቼው ነው፣ የኔታ።»

«መልሽው።»

መለሰችው። ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልዩ ይሁን ያንብቡ አልለየላትም።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የሻው ከማሽኑ ቀና አለ። ምስጢር በአባቷ ፈንታ የአያቷን ስም ልትጠራ ቃጣት፤ ማንም አያውቅባትም ነበር።

«የመሪጌታ ህሩይ» አለች። «የአይከሉ። እሳቸው ግን ይኸን አያውቁም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ውኃ ላይ የሚታይ ጥላ ብዬ ነው።»

መሪጌታ አስናቀው መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«አባትሽ ይምጣ። አሁኑኑ።»

«ተቆጥተው ነው፣ የኔታ?»

«ጥሪው አልኩሽ።» ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በረንዳው ላይ ወጥታ ደወለች። አባቷ ወዲያው አነሡት።

«አቤት፣ ልጄ።»

«መሪጌታ አስናቀው እዚህ ናቸው። ይምጣ አሉ።»

«እኔን?» አሉ። «ለምን ይሆን? ሸጋ ነው?»

በመስታወቱ አሻግራ አየች። ሽማግሌው አንገታቸውን አዘንብለው፣ የተገለበጠውን ስም ፊደል በፊደል በጣታቸው እየተከተሉ ነበር።

«እንጃ፣ አባዬ» አለች። «ግን ይምጡ።»