የጥርስ ሐኪሙና የአሰቡ ፖስታ

ዝናው አሻግሬን የሰደበው አምና በጥር፣ የጥምቀት ማግስት፣ በሚካኤል ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኑርዬ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ኑርዬ በሩ ሥር በርጩማ ላይ፣ ዙሌይካ የስኳር ጆንያ ላይ፣ ዝናው ደግሞ መደገፊያ ባላት ብቸኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አሻግሬ ይኼን ሁሉ የሚያስታውሰው ጭንቅላቱ ስለት ሆኖ አይደለም። ልጅህ ስንተኛ ክፍል ደረሰች ቢሉት ሚስቱን ዞር ብሎ ያያል። የሰደበውን ሰው ግን ከነወንበሩ ነው የሚይዘው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ከጠፋ ሰንብቷል፤ ዛሬ ሁሉም የሚጣላውም የሚታረቀውም በስልኩ ነው። ቴምብር የሚሰበስቡ ግን አራት ሰዎች አሉ። ዋናው ዝናው ነው፣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር። ማኅበሩ ቢሮ የለውም፣ ፈቃድ የለውም፣ ክብ ማኅተም ግን አለው፤ ዝናው ደሴ ድረስ ሄዶ አስቀርጾታል። የሚሰበስበውም ከካርታ ላይ የጠፉ አገሮችን ቴምብር ብቻ ነው። ስለነዚያ አገሮች ሲያወራ ለጊዜው እሱ ዘንድ በአደራ የተቀመጡ ነው የሚመስለው።

ኑርዬ ባለሱቅ ነው። ከሁሉም የሚበልጥ ቴምብር አለው ይባላል፤ የሚለውም እሱ ራሱ ነው። አሳየን ሲሉት፣ «ቤት ነው ያለው» ይላል። ዙሌይካ ልብስ ሰፊ ናት፣ የወፍ ቴምብር ካልሆነ አትነካም። አራተኛው አሻግሬ ነው። ከመናኸሪያው ማዶ ጎሚስታ ከፍቶ ጎማ ይለጥፋል። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ ማን እንዳስቋረጠው ደግሞ ከጠየቃችሁት የሰዎቹን ስም ከነአባታቸው ይነግራችኋል።

በዚያ የሚካኤል ዕለት አሻግሬ ስብስቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ ቀረበ። ቴምብር ዙሪያውን ጥርስ ጥርስ አለው። አሻግሬ ግን ያን ጥርስ የተቀደደ ወረቀት ጠርዝ አድርጎ ነበር የቆጠረው። ማኅበሩ ፊት በንጽሕና ልቅረብ ብሎ እያንዳንዱን በመቀስ ከርክሞ፣ ሙልጭ አድርጎ ላጭቶ አመጣው።

ዝናው አንዱን ቴምብር በወረንጦ አንስቶ ወደ ፀሐይ ያዘው። ገለበጠው። ሌላ አነሳ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣

«አሻግሬ፣» አለ፣ «እነዚህን ምስኪኖች ምን አገኛቸው? ጥርሳቸው ረግፏል እኮ! ገንፎ ነው የምታበላቸው?»

ዙሌይካ በሻሿ አፏን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። ኑርዬ ሻዩ ትን አለው። «ወላሂ የጥርስ ሐኪም ነው!» አለ እየሳለ። «ሲነቅል ደግሞ አይምርም!»

ስሙ በዚያው ጸና። ከበረንዳው ወርዶ አስፋልት ተሻገረ። ሳምንት ሳይሞላው የባጃጅ ሾፌሩ ሁሉ ጎሚስታው በር ላይ እየቆመ፣ «ሐኪም፣ የኋላዋ ጎማዬ አመማት፣ እያት እስቲ» ይለው ጀመር።

ተሰድቦ ለምን አይቀርም ትሉ ይሆናል። የት ይሂድ? ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሰው ስለ ቴምብር ቢያወሩት ሒሳቡን ጣል አድርጎ ይሮጣል። ስለዚህ አሻግሬ እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ሲስቁ ይስቃል፣ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሳቁን መልሶ ያላምጣል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዝናው በዚያው በረንዳ፣ በነዚያው ሰዎች ፊት፣ «አሻግሬ፣ ይኼስ ቴምብር ነው» እንዲለው። ሌላ አይደለም። የጥርስ ሐኪምነቱ በተሾመበት ቦታ እንዲሻር ነው የሚፈልገው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት የአክስቱ ባል ሞቶ አምባሰል ለለቅሶ ወጣ። አክስቱ ተሾመች ከውጫሌ በላይ ነው የምትኖረው። ለቀስተኛው ሲበተን ሳጥኗን ከፍታ የሟች ባሏን ነገር ስታገላብጥ አንድ ደብዳቤ ወደቀ። ባሏ በንጉሡ ዘመን አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሲሸከም የላከላት ነው። ፖስታው ሻይ የመሰለ መልክ ይዟል። ጥግ ላይ ቴምብር አለ። በላዩ የአሰብ ማኅተም ተመቷል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የሐይቅ።

አሻግሬ ግን ማኅተሙን የት አየ! ያየው ጥርሱን ነው። ጥርሱ ሁሉ ነበረ። ዙሪያውን፣ አንድም ሳይጎድል፣ ሳቅ ብሎ።

«አክስቴ፣ ይኼን ስጪኝ።»

«ደብዳቤው የኔ ነው፣ ልጄ፣» አለች ተሾመች፣ ወረቀቱን ከፖስታው መዝዛ ደረቷ ውስጥ እየከተተች። «ልብሱን፣ ፖስታውን ውሰድ። ልብሱ ምን ያደርግልኛል?»

ከለቅሶ የሚመለስ ሰው ፊቱ እንደዚያ አይበራም። ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ፖስታውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎኑ የተቀመጠውን ሰው እንኳ እንዳይጠጋው በክርኑ እየገፋ መጣ።

አሁን የቀረው ቴምብሩን ከፖስታው ማላቀቅ ነበር። መቀስ እንደሆነ ሁለተኛ አይነካም። በዚያው ሰሞን ዝናው የተሳፈረባትን ባጃጅ እግዜር ጎሚስታው ደጃፍ ላይ አስተነፈሳት። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን ሲፈታ ዝናው እንደተቀመጠ ስልኩን ይጎረጉራል። አሻግሬ ከመሬት ሳይነሳ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስሎ፣

«ጋሽ ዝናው፣» አለ፣ «አንድ ሰው ነው የጠየቀኝ። የቆየ ቴምብር ከፖስታው ላይ እንዴት ነው የሚነሣው?»

«ንከረው፣» አለ ዝናው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«ከነፖስታው?»

«ከነፖስታው እንጂ! ለብ ያለ ውሃ ውስጥ። ራሱ ይለቃል።» ከዚያ ስልኩን እያየ ብቻውን ሳቀ። አንድ ሰው የላከለት ቪዲዮ ነበር። «ጨረስክ? ቸኩያለሁ።»

አሻግሬ የውስጥ ጎማ ነክሮ ቀዳዳ የሚፈልግበትን ሳፋ በኦሞ አጠበ፣ ዳግም አጠበ። ውሃ አሞቀ። ፖስታውን አስተኛው። ቀለሙ እንደ ጭስ እየተነነ ወጣ፣ የአሰብም የሐይቅም ማኅተም ሟሟ፣ የአክስቱ ስም ሟሟ፣ ወረቀቱ እንደ ተነከረ እንጀራ ተበጣጠሰ። ቴምብሩ ግን ከነጥርሱ ተንሳፍፎ ወጣ። አሻግሬ «እሰይ!» ብሎ የቀረውን ቦይ ውስጥ ደፋው።

ግንቦት ላይ ማኅበሩ እንግዳ ጠራ። ወይዘሮ ፋሲካ የሚባሉ፣ በደሴም በኮምቦልቻም በቴምብር የታወቁ ሴት ናቸው። ሁሉም ያለውን ምርጥ አንድ ቴምብር እንዲያመጣ ታዘዘ። አሻግሬ የሠርግ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጥፍሩን በቤንዚን ፈትጎ መጣ። ዝናው ከመደገፊያዋ ወንበር ተነሥቶ ለእንግዳይቱ ለቀቀ፤ ይኼን ሲያደርግ ሲያዩት ይኸኛውም አገር ከካርታ ጠፋ ያሰኛል።

«የኑርዬን መጀመሪያ እንይ፣» አሉ ወይዘሮ ፋሲካ።

ኑርዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤት ነው ያለው።»

«ዛሬም?» አለች ዙሌይካ። «ኧረ በአላህ፣ አንተ ሰው! ሚስትህ እንኳ አይታው አታውቅም እኮ። ጠይቄያታለሁ።»

«ሴት ካየችው ይደበዝዛል።»

«አንተን አግብታ ያየችው ይበቃታል!»

ወይዘሮ ፋሲካ ስቀው የዙሌይካን ወፍ ተቀበሉ፤ ቀይ ምንቃር፣ ረጅም እግር። «ቆንጆ ናት፣» አሉ።

«ሐይቁ ሙሉ ዳክዬ እያለላት ለወረቀት ወፍ ትሞታለች፣» አለ ዝናው።

«የሐይቁ ዳክዬ ይበራል፣ ጋሼ። የርስዎ አገሮች ይሻላሉ፤ ሞተው አርፈዋል።»

ኑርዬ ጉልበቱን መታ። «ወላሂ ጋሽ ዝናው የአገር ቀብር አስፈጻሚ ነው! አንድ አገር ሲያጣጥር ከሰማ አልበሙን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል።»

ዝናው ራሱ ሳቀ። በዚህ ሳቅ መሃል ነው አሻግሬ ከሸሚዝ ኪሱ የፕላስቲክ ከረጢቷን አውጥቶ በሁለት እጁ ያቀረበው። ዓይኑ ወይዘሮ ፋሲካን አላየም። ዝናውን ነው ያየው።

«ሐኪሙም አመጣ!» አለ ኑርዬ። «ጥርስ አለው?»

«ቁጠረው፣» አለ አሻግሬ። ድምፁ ወፈረ።

ወይዘሮ ፋሲካ አጉሊ መነጽራቸውን አስጠጉ። ጥርሱን አልቆጠሩም። ጥግ ላይ የቀረችውን፣ «አሰ» ብላ የምትነበብ የጥቁር ቀለም ቅንጣቢ ነው ያዩት፣ ደግመውም አዩት። አሻግሬ ይኼን ደጋግሞ ማየት ወደደው። አንገቱ ረዘመ።

«ይኼ ማኅተም የአሰብ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ። ለአክስቴ ባሏ ከአሰብ የላከላት ነው። በንጉሡ ጊዜ። በሐይቅ በኩል።»

«የሐይቅም ማኅተም ነበረበት?»

«ጀርባው ላይ።»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። «ይኼውልህ ወንድሜ፣ ቴምብሩ በየቦታው ያለ ነው፤ እኔም ብዙ አለኝ። ግን ከአሰብ ወደ ሐይቅ የመጣ፣ ሁለቱም ማኅተም ያለበት ሙሉ ፖስታ እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁም። ፖስታው የት አለ?»

ከአስፋልቱ ማዶ አንድ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋ።

«ነከርኩት፣» አለ አሻግሬ።

«ነከርከው?»

«ቴምብሩ እንዲለቅ። ፖስታው... ደፋሁት።»

ዙሌይካ «ያ አላህ» አለች በቀስታ፤ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። ይኼ ነው የባሰበት። ኑርዬ የሻይ ብርጭቆውን ወለል ላይ አስቀመጠ። ዝናው ግን ከተቀመጠበት ጆንያ ላይ ብድግ አለ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ።

«ኧረ በማርያም! ኧረ አሻግሬ! እንዲህ ያለ ፖስታ ይነከራል እንዴ? ታሪክ እኮ ነው! ማን ነው እንዲህ ያለ ጅል ምክር የመከረህ?»

አሻግሬ ቀና ብሎ አየው። ፊቱ ላይ ተንኮል ፈለገ። ቢያገኝ ደስ ይለው ነበር፤ በተንኮል የጎዳ ሰው ቢያንስ ያወቀህ ሰው ነው። የዝናው ፊት ግን እንደ ታጠበ ሳህን ነበር። ባጃጇን አያስታውስም። «ንከረው» ማለቱን አያስታውስም። ያንን ሁሉ ወራት አሻግሬ እያላመጠ ያደረበትን የሚካኤሉን ዕለትም፣ ገንፎውንም፣ ያስታውሰው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። አሻግሬ ከዓመት በላይ ሲጣላ የከረመው እዚያ ከሌለ ሰው ጋር ነው።

«ንገረን እንጂ፣» አለ ዝናው፣ በእውነተኛ ኀዘን። «ማነው እሱ? ስሙን ጥራው፣ ለሌላ ሰው እንዳይመክር።»

«ተናገር፣ አብሽር፣» አለ ኑርዬ።

መልሱ አሻግሬ ጥርስ ሥር ነበር። «አንተ» ቢል ይበቃ ነበር። «አንተ» ቢል ግን ዝናው «እኔ? ውይ፣ መቼ?» ይላል፣ ኑርዬ ትን ይለዋል፣ ዙሌይካ ሻሿን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ አንድ ሻይ ሳያልቅም ተስቆበት ያበቃል። ያ ሁሉ ነገር ለአንድ ሻይ ማጣጫ ይሆናል።

ቴምብሩን ከወይዘሮ ፋሲካ እጅ በጣቱ ወሰደ፣ ወረንጦ ሳይፈልግ። ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ተነሣ።

«የት ነው? አሻግሬ! ማነው ነው እኮ ያልኩህ!» አለ ዝናው።

አሻግሬ የበረንዳውን ደረጃ ወርዶ፣ የደሴን ሚኒባስ አሳልፎ፣ አስፋልቱን ተሻገረ። ወደ ኋላ አልዞረም።