በማርሽ መውረድ

«ልጄ፣ ውረጂ። ገና ሰው መጫን አልጀመርንም» አላት ሾፌሩ ግዛቸው፣ በመስታወቱ እያያት።

ሐዳሳ ወረደች። ተሳፋሪ ሳትሆን የባትሪውን ነገር እንድትከታተል የተመደበች መሐንዲስ መሆኗን መናገር ነበረባት፤ ግን ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ እግሯ ቀደመ። በሩ ተዘግቶ አዲሱ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ያለ ድምፅ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው ሮጣ በሩን በመዳፏ የመታችው።

«ታዲያ አትናገሪም?» አለ ግዛቸው መታወቂያዋን ሲያይ፣ እየሳቀ። «እኔ'ኮ ትምህርት ቤት የረፈደባት ተማሪ መስለሽኝ ነው!»

ከኋላው ካለው ወንበር ተቀመጠች። የአዲሱ አውቶቡስ ሙከራ ዛሬ ያበቃል። ከቱላ ታቦር የሚመላለሰው ይህ አውቶቡስ ትናንት ገና ሳይመሽ ቻርጁ ሊያልቅ ደርሶ፣ ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አዲስ ከተማ አውርዶ ወደ ግቢው ተመልሷል። ዛሬም እስከ ማታ ካልሠራ መሥሪያ ቤቱ መስመሩን ለናፍጣ አውቶቡሶቹ ይመልሰዋል። ሐዳሳ ደጋግማ አስልታዋለች፤ ባትሪው ይበቃል። ያልገባት ለምን እንዳልበቃ ነው።

ምክንያቱን ያየችው ከታቦር ሲወርዱ ነው። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ግዛቸው የማርሹን ቁልፍ ተጫነና ፎሌ አደረገው፤ ጎማው ከሞተሩ ተላቀቀ። አውቶቡሱ በገዛ ክብደቱ እየተንሸራተተ ወረደ፤ እሱም ማፏጨት ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ ናፍጣ ሲቆጥብ የኖረው እንዲህ ነው፤ በዚህ ሙያው የማይቀናበት ሾፌር አልነበረም።

ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። ሐዳሳ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሾፌሩን ማረም አሳፈራት፤ ስሌቷን ግን ታምነዋለች።

«ጋሼ ግዛቸው፣ ፎሌ ባያደርጉትስ?»

«ምን አልሽ?»

«በማርሽ ይውረዱ። ያን ጊዜ ጎማው ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ ደግሞ ባትሪውን ይሞላል። ፎሌ ሲሆን ግን እንዲሁ በከንቱ ነው የሚወርደው።»

«እኔን ቁጠባ ልታስተምሪኝ!» ድምፁ ከፍ አለ። «ቁልቁለት ነዳጅ ሲቀዳ የት አየሽ?»

ዘንቢሏን ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሙሉዬ የምትባል ነጋዴ ከመሀል ጣልቃ ገባች። «ሞክረው እንጂ ሾፌር! ትናንት አውርደኸን ይህን ሁሉ ተሸክሜ በእግሬ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ምን ቸገረህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ግዛቸው አልሳቀም። በሚቀጥለው ዙር ግን አፋፉ ላይ ሲደርሱ፣ ወደ ቁልፉ የሰደደውን እጁን መልሶ መሪው ላይ አኖረው። እግሩንም ከፔዳሉ አነሳ። አውቶቡሱ ከኋላ ሰው የያዘው ይመስል ረጋ ብሎ ወረደ። ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ ከፊቱ ባለው ስክሪን ላይ የቻርጁ ቁጥር ከፍ አለ።

«ጨመረ!» አለ ግዛቸው። «አንቺ፣ እውነትም ጨመረ! ትናንት የት ነበርሽ?»

«ቢሮ» አለች ሐዳሳ።

ማታ የመጨረሻዎቹን ተሳፋሪዎች ቱላ አውርደው ሲመለሱ ባትሪው ገና አላለቀም ነበር። በሳምንቱ መስመሩ ለኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ተሰጠ፤ ሐዳሳና ግዛቸውም ሌሎቹን ሾፌሮች እንዲያሠለጥኑ አብረው ተመደቡ።