መብረቁ የጣላቸው ነጥቦች

«መብረቁ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣው ለራሱ ነው። ሰው እስኪያወጣለት ሃያ ዓመት ጠብቆ ሰለቸው። ሥራው የፕሮቲኖችን ቅርጽ በኤክስሬይ መፍታት ነው፤ እሱ እንደሚለው ከሆነ፣ ማንኛውም ፕሮቲን ገና ሲያየው ቅርጹን ሳይጠየቅ ይናዘዛል።

ይህኛው አልናዘዝ አለ። የፕሮቲኑን ክሪስታል ሁለት ዓመት ለፍታ ያበቀለችው ባልደረባው ሰኞ የዶክትሬት ፈተና አለባት። እሱ የሠራው የአተሞች ሥዕል ግን ከኤክስሬዩ መረጃ ጋር አልገጥም ብሎ፣ ከሃያ አምስት በታች መውረድ ያለበት የስህተት ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ በመቶ ላይ ተቸክሏል። ይህን ይዛ ከቀረበች ትወድቃለች፤ አንድ ዓመት ተቃጠለ ማለት ነው።

«ነገ ይወርዳል» ካላት አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ፕሮግራሙን ለመነ፤ ሰደበ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ የኤክስሬዩን ጥሬ ምስሎች አይተዋቸዋል?»

«ምስል የሚያይ ጀማሪ ነው። እኔን ጠረኑ ይነግረኛል።»

«እስቲ ለጀማሪዋ ሲሉ ይክፈቱት።»

ከፈተው። ደማቅ የነጥብ ረድፍ፣ ቀጥሎ ዓይን የሚያስጨንቅ ደብዛዛ ረድፍ፣ ደግሞ ደማቅ፣ ደግሞ ደብዛዛ።

«እነዚህ ደብዛዞቹስ?»

«ኮተት ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ነው ጠርጌ የጣልኳቸው...»

ጣቱን በረድፎቹ ላይ አስኬደ። ኮተት እንዲህ ተራ ጠብቆ አይሰለፍም።

ክሪስታሉ ውስጥ ሁለት ሞለኪውሎች ነበሩ፤ አንዱን ግማሽ እርምጃ ብትገፋው ሌላው ላይ ልክክ ሊል ትንሽ ይቀረዋል። ያቺን ትንሽ ልዩነት የያዙት ደብዛዞቹ ረድፎች ብቻ ነበሩ። እሱ እነሱን ጥሎ፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ለሌለ ሰው ልብስ ሲለካ ከርሟል።

«ማን ጣላቸው አሉኝ?»

«ልምድ» አለ ድምፁ ሰልሎ።

ነጥቦቹን መለሱ፤ ሁለቱን ሞለኪውሎች ለየብቻ አስቀመጡ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቁጥሩ ሃያ አራት ገባ።

ሰኞ ፈታኙ የሥራ መዝገቧን ገልጠው «የመጀመሪያው ሥዕል እንዴት እንዲህ ተበላሸ?» ብለው አፋጠጧት። መልስ ሳትጀምር መብረቁ ከኋላ ተነሳ፤ ኮቱን ቆለፈ።

«እሷ የለችበትም። ግማሹን መረጃ የጣልኩት እኔ ነኝ።» እዚያ ላይ ቢቀመጥ ምን ነበረበት! «ልብ በሉልኝ ግን፣ በግማሽ መረጃ ሠላሳ ዘጠኝ መድረስ የተራ ሰው ሥራ አይደለም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አለፈች። ቤተ ሙከራው ደግሞ፣ ሃያ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን፣ ቅጽል ስም አወጣለት፤ ጠራጊው።