የሰጎኖቹ ሜዳ

ከጉዞ ከተመለስን ሳምንት አለፈን፤ እኔ ግን ገና አልደረስኩም። አልጋዬ ላይ ተጋድሜም ጣሪያው ይንገጫገጭብኛል። ወገቤ የእኔ አይደለም፣ ጉልበቴ የሰው ነው፣ ጥርሴን ስገጥም እስካሁን አሸዋ ይንቀጫቀጫል። ጎረቤቶቼ "ታድለሽ! ዓለምን አየሽ!" ይሉኛል። የምን ዓለም? እኔ ያየሁት አቧራ ነው። ከመጣን ወዲህም ይኸው ከመጋረጃው፣ ከፍራሹ፣ ከድስቱ ክዳን ሳይቀር እሱኑ ሳራግፍ ከረምኩ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ባሌ ነው። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ። ባልደረቦቹ "ፍሬን" ነው የሚሉት፤ ቢጫ መብራት ከሩቅ ሲያይ ገና ድሮ ቆሟል። ታዲያ ይሄ ፍሬን የተባለ ሰው ጡረታ በወጣ ማግስት አንድ ያረጀ ሚኒባስ ገዝቶ መጣ። ወንበሮቹን ነቃቅሎ አልጋ ሠራበት፣ ምድጃ ገጠመበት፣ ጣሪያው ላይ የውሃ በርሜል አሰረበት። አውቶቡሱ ላይ አብሮት ሲሠራ የኖረው ቲኬት ቆራጭ አይቶ ሲስቅ ሲስቅ ቆየና "ቀፎ" ብሎ ስም አወጣለት። መጋረጃውንና የፍራሹን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከማሽኔ ተነስቼ ወዴትም ሄጄ አላውቅም።

"አስፋልት ያለበትን አገር ጠግቤዋለሁ" አለኝ። "አሁን አስፋልት የሌለበትን ነው የማየው።"

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማሁም መሰላችሁ?

ጉዞው ምን ይመስል ነበር ካላችሁኝ፣ እኔ ከፊት በእግሬ፣ እሱ ከኋላ በመኪና ነበርን። መንገዱ በተበላሸ ቁጥር "ውረጂና ምሪኝ" ይላል። እወርድና ከጎማው ፊት ፊት የኋሊት እየሄድኩ፣ በእጄ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ቀጥ፣ ቁም እለዋለሁ። መንገዱ ደግሞ የማይበላሽበት ቀን የለውም። ወንዝ ሲያጋጥመን ቀሚሴን ሰብስቤ ቀድሜ እገባለሁ፤ ውሃው ከጉልበቴ ካለፈ እንመለሳለን፣ ካላለፈ እንሻገራለን። መለኪያው የእኔ ጉልበት ነበር፣ ልብ በሉልኝ!

ደረቅ መሬት ደርሰን ጎኑ ቁጭ ስልም እፎይታ የለም።

"ንገሪኝ እስቲ፣ በቀኝ በኩል ምን አለ?"

"አንተ ዓይን የለህም እንዴ?"

"እኔ መንገዱን ነዋ የማየው። ግራ ቀኝ የሚያይ ሹፌር ምኑን ሹፌር ሆነ?"

ልክ ነው አልኩ። እናም ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አወራለታለሁ፤ ተራራው እንዲህ ነው፣ ዛፉ እንዲያ ነው እያልኩ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ማለት ስትጀምር ደግሞ ያገኘው ቦታ ላይ ያቆማል። ፍሬን ያሉት ወደው አይደለም ብዬ ሳቅኩበት እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር። በትዳራችን ሙሉ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም፤ እዚያ አፏጨ። በጠዋት ተነስቶ ሻይ አፍልቶ፣ "ተነሺ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እንደምታሳዪኝ እንይ" ይለኛል። ይህን ስሰማ ንዴቴን ዋጥ አደርገዋለሁ።

ከተመለስን ወዲህ ተስፋዬ ሁሉ ቅዳሜ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የልጃችንን ሁለት ልጆች በቀፎ ጭኖ ሐይቅ ዳር ወስዶ ሊያሳድራቸው ቃል ገብቶ ነበር። እሱና እነሱ ብቻ። እኔ ልቀር። "ውረጂ"፣ "ምሪኝ"፣ "ንገሪኝ" የሚለኝ ሳይኖር እንደ ሬሳ ልተኛ። ልጆቹ ሻንጣቸውን ከወዲሁ በር ላይ ደርድረውት ነበር አሉ። እኔም ከእነሱ እኩል ነበር ቀን የምቆጥረው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቲኬት ቆራጩ ከሚስቱ ጋር "እንኳን በሰላም ገባችሁ" ሊለን መጣ። ሻይ አፈላሁ። ባሌ ሶፋው ላይ ዘና ብሎ ወሬውን ጀመረ። መቼም ወሬ ያውቅበታል።

"ተራራው" አለ፣ "አንድ ክር ሲመዘዝበት እንደተሸበሸበ ጨርቅ ነው።"

በሆዴ ሳቅኩ። ቃሉ የእኔ ነዋ! ቁልፍ ሲበጠስበት እንኳ ለእኔ የሚወረውር ሰው፣ ከመቼ ወዲህ ነው ስለተሸበሸበ ጨርቅ የሚያወራው? ይሁን አልኩ፣ አብረው ሲኖሩ ቃልም የጋራ ነው። ቀጠለና ሐይቁን "በደንብ እንደተተኮሰ የኮት ገበር" አለው። እሱም የእኔ ነው። የመንደሩን ጣሪያዎችም እኔ እንዳልኩት "የእራፊ ጨርቅ ክምር" አላቸው። ሳቄ ቀስ እያለ ጠፋ። ከአፉ የሚወጣው ሁሉ የእኔ ነበር፤ አንድ እንኳ የራሱ የለውም።

"ሰጎኖቹን ግን የት ትቻቸው!" አለና ከሶፋው ብድግ አለ። "ጥቁር ድንጋይ ብቻ የሞላበት ሜዳ ነው። ድንገት ሰጎኖች ከቀፎ ጎን ለጎን እሽቅድምድም ገጠሙልሃ! የፊተኛዋ አንገቷን መዝዛ በመስኮት አየችኝ። እኔም አየኋት። ዓይን ለዓይን ተያየን!"

"አንተ ቀጣፊ!" አለ ቲኬት ቆራጩ በሳቅ እየተንከተከተ።

"ምስክሬ ይህችውና! ንገሪው እንጂ!"

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ሰጎን የሚባል ነገር አልነበረም። ያን ቀን አሞኝ፣ ድምፄ ተዘግቶ፣ ትንሽ ላሸልብ ብዬ ነበር። "በቀኝ በኩል ምን አለ?" ሲለኝ ጊዜ በንዴት "ሰጎኖች ናቸው፣ ከእኛ ጋር ይሮጣሉ" አልኩት። እዚያ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው፤ ዞር ብሎ ያይና ይስቅብኛል፣ ከዚያ ይተወኛል ብዬ ነው። እሱ ግን መኪናውን አዘገመና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ፈገግ እንዳለ ብዙ ቆየ። "እንዴት ያምራሉ!" አለ። መልሶ የቀለደብኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እትዬ፣ እውነቱን ነው?" አለኝ ቲኬት ቆራጩ።

"እውነቱን ነው" አልኩ። "ምን የመሳሰሉ ሰጎኖች!"

ምን ልበል? ሰው ፊት ላዋርደው? ሻዩን ስቀዳ ግማሹን ትሪው ላይ ደፋሁት። አስፋልት ስንወጣ ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ጭራ ጭራ ሲከተል፣ "መንገዱን እሱ ያውቀዋል" ይለኝ የነበረው ትዝ አለኝ። እንግዶቹ መቼ ተነስተው እንደሄዱ አላውቅም።

በሩን ዘግቼ ፊቱ ቆምኩ።

"ሰጎን አልነበረም።"

"ምን?"

"ድንጋይ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ። ሰጎኖቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ።"

ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ የሶፋውን ክንድ በእጁ ፈልጎ ነው የተቀመጠው። እስከዛሬ ይህን ሲያደርግ ሳየው እርጅና ነው እል ነበር።

"የግራው ዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል" አለ። "ቀኙም በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። መሃሉን ብቻ ነው የሚያሳየኝ፤ ራቅ ሲል ደግሞ ሁሉም ጭጋግ ነው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል አለኝ ሐኪሙ። ሳንነሳ በፊት ነው የነገረኝ። አንቺ ሰጎን ስትዪኝ ሰጎን አየሁ።"

አበድኩ! "እኔን ከጎማ ፊት አቁመህ! ዓይኑ የማያይ ሰው ከኋላዬ መኪና እየነዳ! ብትጨፈልቀኝስ? ገደል ብትከተንስ? አንተ ጨካኝ!" ያልወረወርኩት ስድብ የለም። ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ አልሰጠኝም።

እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ብነግርሽ ትሄጂ ነበር?"

"ሞቼ ነው!"

"እሱን አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ደግሞ አንቺን አይሽ ነበር። መሃሉ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ከጎማው ፊት እጅሽን እያወዛወዝሽ። ሌላው ሁሉ ይጥፋ፤ አንቺን ግን አንድም ቀን አላጣሁሽም።"

ንዴቴ እንዳለ አለ፣ ግን ጉልበት አጣ። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"ልጆቹስ?" አልኩት። "እነሱም ከፊትህ እየሄዱ ሊመሩህ ነው?"

"የሐይቁን መንገድ ጨፍኜ አውቀዋለሁ።"

"መንገዱን ታውቀዋለህ። ኳሱን ተከትሎ መንገዱ ላይ የሚገባውን ልጅስ ታውቀዋለህ?"

ጉልበቱን እያሻሸ፣ "በሞትኩት፣ ቅዳሜን ብቻ" አለ። "ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። አንዴ ይዣቸው ልሂድ። ከዚያ ቁልፉን ውሰጂው፣ ከፈለግሽ ወንዝ ጣዪው።"

አልዋሻችሁም፣ ለአፍታ ያህል እሺ ልለው ነበር። ድምፁ አንጀቴን በላው። ደክሞኛልም። እሺ ብል ቅዳሜ ደርሶ እተኛ ነበር። ብቻ እነዚያ ሁለት ሕፃናት ከኋላው አልጋ ላይ ሲንፈራገጡ፣ እሱም የማያየውን ሲያልፍ ታየኝ። ስልኬን አንስቼ ልጃችን ጋ ደወልኩ።

"እማዬ!" አለች እየሳቀች። ከጀርባዋ ልጆቹ ይጯጯሃሉ። "እነዚህ ልጆችሽ በቅዳሜ ምክንያት ጫማቸውን እንዳደረጉ ነው የሚተኙት፣ አውልቁ ብል ማን ይስማኝ!"

ያን ሁሉ አገር ሳወራ የከረምኩት ሴትዮ አንዲት ቃል አጣሁ።

ባሌ እጁን ዘረጋ። "ስጪኝ" አለ። "መንገሩ የእኔ ነው።"

እጁ ስልኩ ጋ አልደረሰም። ከስልኩ በስንዝር ርቆ አየር ላይ ቀረና ጣቶቹ ባዶውን ጨበጡ። አንጓውን ይዤ ስልኩን መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

"ልጄ" አለ፣ "መንዳት አቁሜያለሁ።"

የእሷ ድምፅ ይሰማኛል። "ከመቼ ጀምሮ አባዬ?"

"ከአሁን። ዓይኔ ነው። ልጆቹን አልወስዳቸውም።" ትንሽ አዳመጠ። "እናትሽን እንዳትቆጪያት። እሷም የሰማችው ዛሬ ነው።"

ልጃችን ማልቀስ ስትጀምር ስልኩን ወደ እኔ ገፋው። "ልጆቹን ምን ልበላቸው እማዬ?" ትላለች። "ቅዳሜ እኮ ነው ያልኳቸው፤ ምን ልበላቸው?"

እሱን አየሁት። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ በዚያች በቀረችው ቀዳዳ ይፈልገኛል።

"ቅዳሜን ምን ያስጠብቃቸዋል" አልኳት። "ዛሬውኑ ይዘሻቸው ነዪ፣ ብርሃን ሳለ። ቅርቡ ይቀመጡለትና ይያቸው።"