ትርፏ እና ተቆጣጣሪዋ

ጎረቤታችን ሹፌሩ ጡረታ ሲወጣ ዕረፍት ያጣነው እኛ ነን። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ድንገት ቤት ሲውል እጁ መሪ፣ እግሩ ፍሬን ፍለጋ ይንከራተታል። የእኔን ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧ ላስተካክልልሽ ብሎ መጥቶ ወራጅ ወንዝ አድርጎልኝ ሄደ። ጋሼ ነው የምለው፤ እንደ ታላቅ ወንድም ስለማየው ቧንቧውንም ይቅር ብዬዋለሁ።

በገዛ ቤቱም ቢሆን መቀመጫ አልነበረውም። ሚስቱ እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑን የስፌት ክፍል ካደረገችው ቆይቷል። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዎቹ፣ መሐል ላይ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የመተኮሻው፣ በተረፈው ቦታ ሁሉ ደግሞ ጨርቅ ነው። አብረዋት የሚሠሩ ሁለት ወጣት ሴቶች አሉ፤ አንዷ ዝምተኛ፣ ሌላዋ መርፌ ሲሰበርም የምትስቅ ሳቂታ። ጋሼ ወንበር ስቦ አረፍ ሊል ሲል ከሦስቱ አንዷ፣ ትንሽ ጠጋ በል ትለዋለች። ጠጋ ይላል። ከዚያኛዋ ወገን ደግሞ ሌላ ጠጋ በል ይመጣል። ተሳፋሪውን በመስታወት እያየ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል የኖረ ሰው፣ ሲጠጋ ሲጠጋ በመጨረሻ ጓሮ ደረሰ። ጓሮ ደግሞ ዶሮዎቹ አሉ።

ስም ያወጣላቸው በሥራው ቋንቋ ነው። ከሁሉ ትልቋ፣ ማንም ቀድሟት እህል እንዲነካ የማትፈቅደው ቀይ ዶሮ ተቆጣጣሪዋ ትባላለች። አንገቷን አስግጋ ስትመጣ፣ ቲኬት ሳይቆርጥ የተሳፈረ ሰው ያገኘች ነው የምትመስለው። ዘግይታ የመጣችው ነጭ ቄብ ደግሞ ትርፏ ተባለች። ቆጡ ሲሠራ ለሌሎቹ ልክ ተለክቶ ስለነበር፣ እሷ ከወንበር ቁጥር በላይ የተጫነች ናት።

አንድ ቀን ጠዋት ጋሼ በአጥር በኩል ጠራኝ። አጠራሩ የወትሮው አልነበረም፤ እጄን እንኳ ሳላደርቅ ሄድኩ። ትርፏ ጥግ ላይ አንገቷን ቀብራ ተወሽቃለች። ከጅራቷ በላይ ላባዋ ተነጭቶ ቆዳዋ ተልጧል፤ ነጩ ገላዋ ደም በደም ሆኗል። ተቆጣጣሪዋ ዞር ብላ ትመለስና ያንኑ ቀዩን ቦታ ትነቁራታለች፤ ሌሎቹም አለቃቸውን እያዩ ይከተላሉ። ዶሮ ደም ካየ እንደማይለቅ እናቴ ዶሮ ታረባ ስለነበር አውቃለሁ፤ ያንኑ ነገርኩት። ጋሼ ሸሚዙን አውልቆ ጠቀለላትና እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ወደ ቤት ገባ።

እትዬ መጀመሪያ ያየችው ባሏን በካኒቴራ ነው፤ ቀጥሎ ዶሮዋን፤ ቀጥሎ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን ነጫጭ ጋውኖች። የአንድ ክሊኒክ ሠራተኞች የሚለብሷቸው ናቸው፤ እሑድ ይወሰዳሉ። ጋሼ ዶሮዋን የት እንደሚያስተኛት ያወጣ ያወርድ ጀመር። መኝታ ቤት የማይሞከር ነው። መታጠቢያ ቤቱ ይበርዳል። ወጥ ቤት ደግሞ ዶሮ ገብቶ በደህና የሚወጣበት ቦታ አይደለም። የቀረው የስፌት ክፍሉ ነው፤ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ሁልጊዜም ሙቀት አለ። የቁርጥራጭ ጨርቅ ማጠራቀሚያውን ካርቶን ገልብጦ፣ ከቁርጥራጩ ለስላሳ ለስላሳውን መርጦ አነጠፈላት።

እትዬ ነገር አታበዛም። «እሑድ ጋውኖቹን ሊወስዱ ሲመጡ ዶሮ እዚህ ቤት ካየሁ፣ ቀጥሎ የማያት ድስት ውስጥ ነው» አለችና መኪናዋን ረገጠች። እሷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሰው ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።

ጋሼ ሥራ አገኘ። ጠዋትና ማታ ቁስሏን ለብ ባለ የጨው ውሃ ያጥባል፤ ከመድኃኒት ቤት ያመጣውን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ይቀባታል። መድኃኒቱ ቁስሉን ያደርቃል፤ ቀዩንም ከሌሎቹ ዶሮዎች ዐይን ይሸፍናል። የጋሼንም ጣቶች እስከ አንጓቸው ሐምራዊ አደረጋቸው። ባለሱቁ ጣቶቹን አየና፣ ምርጫው ዛሬ ነው እንዴ፣ ስንት ጊዜ ነው የመረጥከው ብሎ ጠየቀው። ጋሼ የዶሮ መኖውን ይዞ ወጣ።

ችግሩ ግን ትርፏ መኖውን አትበላም። ክንፏን ጥላ፣ ዐይኗን ጨፍና ትውላለች። ጋሼ የተቀቀለ እንቁላል አድቅቆ በመዳፉ አቀረበላት። የራሷን ዘር ነው እንዴ የምታበላት ብዬ ብቀልድበት፣ ቀልዱ አልገባውም፤ ቀልቡ ሁሉ እሷ ላይ ነው። ብዙ ካስጠበቀችው በኋላ አንዴ ነቆር አደረገች። ከዚያ ደግሞ አንዴ። የጋሼን ፊት ብታዩት፣ ልጁ ዲግሪ የጫነለት ነው የሚመስለው።

እንግዲህ እሷን ሲጠብቅ አጭር ወንበር ይዞ ከካርቶኑ አጠገብ ይውላል። በሽተኛ የሚጠብቅ ሰው ጠጋ በል አይባልም። ዝምተኛዋ ልጅ አንድ ቀን ጋውን፣ መርፌ ክርና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቁልፍ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። እትዬ አየችና፣ በዚያ እጁ ነጭ ጨርቅ እንዳይነካ ብላ በሎሚና በሳሙና አስፈተገችው። የመጀመሪያውን ቁልፍ ሲተክል ጋውኑን ከሱሪው ጋር ሰፋው፤ ሳቂታዋ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። በኋላ ግን እጁ ገባለት። የጎማ ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው ስለሚያጠብቀው፣ ጋውኑ አልቆም ቁልፉ ይኖራል።

ሐሙስ ቀትር ላይ ትርፏ ከካርቶኑ ወጣች። ወዲያ ወዲህ እየተንገዳገደች በመኪናዎቹ ፔዳል መሐል አለፈች። ሳቂታዋ እያጨበጨበች «ወፌ ቆመች» አለች፤ ዝምተኛዋም ተቀበለቻት፤ እኔም የመጣሁበትን ረስቼ አጨበጨብኩ። እትዬ አላጨበጨበችም፤ ዶሮዋ እስክታልፍ ግን መኪናዋን አቁማ ነበር።

አርብ ጠዋት ጋሼ ወደ ቆጡ መለሳት። እኔም በአጥር በኩል አንገቴን አስግጌያለሁ። ትርፏ ክንፏን አራግፋ ገና ሁለት እርምጃ ከመሄዷ ተቆጣጣሪዋ ደረሰችባት፤ ይህን ሁሉ ቀን የት ከርመሽ ነው ያለቻት ይመስላል። ሌሎቹም ተከተሉ። ጋሼ ዘሎ ገብቶ ነጠቃቸው። አሮጌው ቁስል ደህና ነው፤ አንገቷ ላይ ግን አዲስ ጭረት ወጥቷል።

ተመልሶ አጭሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ተከትዬው ገባሁ። ዶሮዋን ታቅፏል፤ ጋውኑን አላነሳውም።  እሑድ ከነገ ወዲያ ነው። ለሌላ ሰው ስጣት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ዋጥኩት። ሆዱ እንዳይብሰው ጨዋታ ላምጣ ብዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲደባደብ ምን ታደርግ ነበር አልኩት።

«ዳር ይዤ አቆማለሁ። ከዚያ ጠብ የጀመረውን አወርዳለሁ» አለ። «የተመታውን አውርጄ አላውቅም።»

 ዶሮዋን አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ ወጣ፤ ትርፏን እኔ ጭን ላይ ትቷት።

ምን አለፋችሁ፣ ዶሮዋን ታቅፌ ብከተለው ተቆጣጣሪዋን በብብቱ ይዞ እኔ ግቢ ገባ። ማስፈቀድ የለ፣ ደጅ መጣራት የለ። የአትክልት ሳጥኔን ደፍቶ ሽቦ መታበት፣ ውሃና እህል አኖረላትና ለጥቂት ቀን ናት አለኝ። እሷም በሽቦው መሐል ቲኬቴን ጠየቀችኝ። ከዚያ ጓሮው ተመልሶ ሁለተኛ የመኖ ገበታ አቆመ፤ የመኝታ እንጨትም ጨመረ። አንድ በር ብቻ ያለው አውቶቡስ መቼም ግፊያ አያጣውም ይላል።

ትርፏ እንደገና ገባች። ሌሎቹ ቀና ብለው አለቃቸውን ፈለጉ፤ የለችም። አንዷ ሞክራ ነቆር አደረገቻትና፣ የሚከተላት ስታጣ ወደ እህሏ ዞረች። ቅዳሜ ማታ ትርፏ አዲሱ እንጨት ላይ በሁለት ዶሮዎች መሐል ተጣብቃ ተኝታ ነበር። ተቆጣጣሪዋ በሌላው ሳምንት ስትመለስማ እሷ ሆነች እንግዳዋ። በሩ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ አየች፤ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ዳር ላይ ኩም ብላ ተቀመጠች። ብቻ እኔ ዘንድ በእንግድነት በከረመችበት ሰሞን በየቀኑ ትጥልልኝ የነበረው እንቁላል ቀረብኝ።

በቀጠሮው እሑድ የክሊኒኩ ሰዎች መጥተው ጋውኖቹን ወሰዱ። ከመካከላቸው አንዷ ቁልፉን ሳብ ሳብ አድርጋ፣ ይሄ እንኳ በማንም አይነቀልም አለች። ጋሼ ካርቶኑን አጣጥፎ ከመተኮሻው ሥር አወጣ፤ ወለሉን ጠረገ፤ አጭሩን ወንበር በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ወደ ጓሮ በር አመራ።

እትዬ ከመኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ወንበሩን ወዴት ነው?» አለችው።

ዶሮዋ ወጥታ የለም እንዴ አላት። ከእንግዲህ እዚህ ምን ይሠራል እንደማለት ነው።

«ነገ የተማሪዎች ሸሚዝ ይገባል» አለች እትዬ። «ቁልፉን ማን ሊተክለው ነው?» ከዚያ ወደ ሳቂታዋ ዞረች። «ጠጋ በይለት፣ መስኮቱ ጋ ይቀመጥ። እዚያ ሆኖ ዶሮዎቹንም ያያል።»

ሳቂታዋ ወንበሯን ይዛ ጠጋ አለች።