የወንድም ምትክ

ሰፈሩ ሁሉ ችኩሉ ይለዋል፤ ችኩል ሆኖ እንዳይመስላችሁ፣ ሲበዛ ዝግተኛ ስለሆነ ነው። ዕድሜ ልኩን ያረሰ ገበሬ ነው። እኩዮቹ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ እሱ በስተርጅና ጡብ ፋብሪካ ተቀጠረ። ሚስቱ ኩላሊቷ ከድቷት በየሳምንቱ ሆስፒታል ለኩላሊት እጥበት ትሄዳለች፤ ፋብሪካው ደግሞ ለሠራተኛም ለትዳር ጓደኛም የጤና መድን አለው። መድኑ ከሌለ እጥበት የለም፤ እጥበት ከሌለ እሷ የለችም። ነገሩ ይኸው ነው።

መሬቱ ግን ጦሙን አደረ። ዝናቡ ሲጥል ችኩሉ አንጀቱ አልችል አለው። ሚስቱን ዘሬን ዘርቼ ልመለስ ቢላት፣ ሥራህንስ ለማን ትተህ አለችው። ለወንድሜ አላት። በመንደራቸው ደቦ ላይ መገኘት ያልቻለ ሰው ወንድሙን ይልካል፤ የወንድም ክንድ እንደ ራስ ክንድ ይቆጠራል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። ታናሽየው ደግሞ ጎልማሳ ነው፣ ከሱ እጥፍ ይሸከማል። ፋብሪካው ተጠቀመ እንጂ ምን ተጎዳ? ለአለቃው መንገር እንኳ ትዝ አላለውም። አይ የገበሬ ነገር! የዋህነትም በሽታ ነው፣ ያውም መድን የሌለው።

ወንድምየው በር ላይ የችኩሉ ስም ሲጠራ አቤት እያለ ሳምንቱን ሙሉ ጡብ ሲደረድር ከረመ። ችኩሉ ዘርቶ ደስ ብሎት ሲመለስ ግን አለቃው ቢሮ አስጠራው። አለቃው በዕድሜ ልጁ የሚሆን ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም። በስምዎ ሲገባ የከረመው ሌላ ሰው መሆኑን ደርሰንበታል፤ እርስዎ ሳምንቱን ሙሉ ቀርተዋል፣ በደንቡ መሠረት ተሰናብተዋል አለው። ችኩሉ ሥራው እኮ አልጎደለም፣ ቁልሉን ውጣና እየው ብሎ ተሟገተ። አለቃው አዘነለት፤ ከፈለጉ እንደ አዲስ እቀጥርዎታለሁ አለው።

«መድኑስ?»

«አባባ፣ አዲስ ሠራተኛ መድን የሚያገኘው ከስድስት ወር በኋላ ነው።»

ቤት ሚስቱ ዘንድ ገባ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እየተንሰቀሰቀ ነገራት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ዘሩ በቅሏል?» አለችው።

«በቅሏል።»

«በል እንግዲህ፣ ሳልደክም ወስደህ አሳየኝ።»

ደግፎ ወሰዳት። ቡቃያውን እያየች አበጀህ አለችው፤ እሱ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። በማግስቱ ፋብሪካ ገባ፣ ምናልባት ስድስት ወሩ እስኪሞላ ትቆይልኝ ይሆናል ብሎ። ወንድምየው ላሙን ሸጠ፣ ጎረቤት አዋጣ፤ ገንዘቡ ለጥቂት እጥበት በቅቶ አለቀ። አዝመራው ሳይደርስ ቀበሯት።

እህሉን ያጨደው ወንድሙ ነው። ችኩሉ እርሻው ድረስ መሄድ አቃተው፤ ጡቡን መደርደር ቀጠለ። ስድስት ወሩ ሲሞላ ጸሐፊዋ ጠራችውና፣ መድንዎ ተፈቅዷል፣ የባለቤትዎን ስም ይንገሩኝ አለችው።

ሞታለች ማለት አልሆንልህ አለው። ስሟን ከነአባቷ ነገራት፤ ጸሐፊዋም መዘገበቻት።