የሦስት ቀን ዶሮ

የድስቱን ክዳን ስታነሣ እንፋሎቱ መነጽሯን ሸፈነው። ጠርጋ እስክታይ መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ ሽታው ቀድሞ ነገራት።

"ይኼን ማን ሠራው?"

"እኔ ነኛ!" አለ አባቷ ከኋላዋ። "ደግሞ ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ? ሥራ የለሽም?"

የምትመጣው እሑድ እሑድ ነበር፤ የሳምንቱን ምግብ በምሳ ዕቃ ይዛ። ዛሬ ግን ተራዋን ከባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ፣ ሳትደውል፣ ከነደንብ ልብሷ ከተፍ አለች። ምክንያት ነበራት። ሦስት እሑድ በተከታታይ፣ ያመጣችው ምግብ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሳይነካ ጠብቋታል። አባቷ ግን አልከሳም። እንዲያውም ጉንጩ ሞላ ብሏል።

አባቷ ዕድሜ ልኩን ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከቁንጫ የምታንስ ብሎን በወረንጦ አንሥቶ ቦታዋ ይመልሳል፤ ምድጃ አጠገብ ሲደርስ ግን እጁ ይተሳሰራል። እናቷ "የእናንተ አባት ውኃ ቢጥድ ያርርበታል" ትል ነበር። እናቷ ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል።

ድስቱ ውስጥ ያለው ግን አላረረም። ታፋውና ክንፉ ወርቅ መስሏል። ከሥሩ ድንችና ሽንኩርት ተነጥፏል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ከነልጣጩ፣ ሎሚው በስሱ ተቆርጦ ጣል ጣል ተደርጓል። ዶሮዋ የተበለተችው በመገጣጠሚያዋ ነው፤ አንድም አጥንት አልተሰበረም። ከድንቹ ቁራሽ አንሥታ ቀመሰች። ጣፈጣት፤ በመጣፈጡ ተናደደች።

"ዶሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ፣ በጡረታ ገንዘብ?"

"የሚወደደው ተቆራርጦ የተዘጋጀውን ለሚገዛ ነው" አለ አባቷ፣ ትምህርቱን እንዳጠና ተማሪ። "ሙሉዋን ከገዛሽ ለሦስት ቀን ትበቃሻለች። ዛሬ ታፋና ክንፉ ከድንች ጋር። ነገ ደረቱ ተፈልፍሎ ከሩዝ ጋር። ከነገ ወዲያ አንገቱ፣ ጀርባው፣ አጥንቱ ተቀቅሎ ሾርባ። አጥንት መጣል ገንዘብ መጣል ነው ብለውኛል።"

"ማናቸው ያሉህ?"

"እ?"

"'ብለውኛል' አልክ እኮ። ማናቸው?"

"ሰው ነዋ። ሰዎች።"

"ሰዎች ናቸው ወይስ እሳቸው?"

"ኤዲያ! እዚህም ትኬት ትጠይቂያለሽ? ይልቅ ክደኚው፤ እንፋሎቱ ከወጣ ሥጋው ይደርቃል ብለው..." አፉን በእጁ ያዘ።

አሥራ አንድ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆጣጠር ኖራለች። ትኬት ያልቆረጠ ሰው ኪሱን እንደማይፈትሽ፣ መስኮቱን እንደሚያይ ታውቃለች። አባቷ አሁን መስኮቱን እያየ ነው።

ደግሞም እሱ አንቱታ የሚያበዛ ሰው አልነበረም። የባንኩን ሥራ አስኪያጅ እንኳ "አንተ ልጅ" ነው የሚለው። አሁን ከየት የመጣ ትሕትና ነው? "አለኝ" ቢል ወንድ ነው፤ "አለችኝ" ቢል ሴት ናት። "አሉኝ" ግን መጋረጃ ነው፤ ከኋላው የቆመው ማን እንደሆነ አይታይም። ያለ ምክንያት ደግሞ መጋረጃ የሚጋርድ የለም።

ወጥ ቤቱን በዓይኗ በረበረችው። ቢላዋው ተስሏል። ማቀዝቀዣው ውስጥ አጥንት በፌስታል ተቋጥሮ ተቀምጧል። የእናቷ ጨው ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ ወርዶ ምድጃው ሥር፣ እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ሆኗል። ዕቃን ሠላሳ ዓመት ከኖረበት ቦታ የምታነሣ ሴት ጨው ብቻ አንሥታ አትቀርም። ነገ መጋረጃውን፣ ከነገ ወዲያ የእናቷን ፎቶ ታነሣለች። ከዚያ እሷ ራሷ በገዛ ቤቷ በር አንኳክታ የምትገባ እንግዳ ትሆናለች።

አባቷ ሽንት ቤት ሲገባ ለወንድሟ ደወለች።

"ሴት አለች" አለችው በሹክሹክታ።

"የት?"

"አባዬ ቤት።"

"አሁን?"

"አሁንማ የለችም። ግን እጇ አለ። ቀምሼዋለሁ።"

ወንድሟ በሳቅ ፈረሰ። "አንቺ ራጅ! ታዲያ እጇ እንዴት ነው?"

"ትቀልዳለህ? ይኼ እኮ የእማዬ ቤት ነው።"

"እማዬማ ሞተች፣ እህቴ። ሽማግሌው ትኩስ ነገር ከበላ ተመስገን በይ። ደግሞ አንቺ በጥርጣሬ የራስሽን ቤት አፍርሰሻል፤ የሱን ተዪለት።"

ዘጋችበት። ከሁለት ዓመት በፊት ባሏ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲወጣ፣ "ሌላ ሴት የለችኝም። ቤቴ በገባሁ ቁጥር ትኬት መጠየቅ ሰለቸኝ፣ ያ ብቻ ነው" ብሏት ነበር። እሷ ግን ከዚያም በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ሴትዮዋን ስትፈልግ ከረመች። አላገኘቻትም።

አባቷ እጁን እያደራረቀ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ጮኸ። ያንን የሚያመውን ጉልበቱን ረስቶ ተንደረደረና እጇ ሳይደርስ አነሣው።

"አቤት... አዎ፣ ደኅና ነኝ። ዛሬ እንኳ ይቅርብዎት፤ ሰው አለብኝ... ኧረ ምንም አልሆንኩም፣ ሰው አለብኝ ነው የምልዎት... ሌላ ቀን ይምጡ... የት?" ድምፁ ከፍ አለ። "በሩ ላይ? አትግባ! አንተ ልጅ፣ አትግባ እልሃለሁ!"

ድስቱ ቱክ ቱክ ይላል።

"አትግባ" አለች እሷ፣ የተጠራጠረችውን ትኬት ወደ ብርሃን እንደምታነሣ ቃሉን ደግማ። "አትግቢ አይደለም። አትግባ።"

አባቷ መስኮቱን አየ።

ወንድ ነው። ልቧ ሊረጋጋ ሲል ይባስ ደነገጠ። ሚስት የሞተችበት ብቸኛ ሽማግሌ፣ የራሱ ቤት ያለው፤ ለምን ብሎ ነው አንድ ጎረምሳ ሾርባ የሚያስተምረው? ዛሬ አጥንት ያስቀቀለ ነገ የቤቱን ወረቀት ያስፈርመዋል። እንዲህ ዓይነቱን ታውቃለች፤ ፈገግ ብሎ ወንበሩን ለአሮጊት የሚለቅ፣ ግን ትኬት የሌለው።

በሩ ተንኳኳ።

"እኔ ልክፈት..." አለ አባቷ።

"ቁጭ በል፣ አባዬ።"

ተንደርድራ በሩን በረገደችው።

ባሏ ነበር። የቀድሞው ባሏ፣ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ምግብ ቤት አብሳይ። ስልኩ አሁንም ጆሮው ላይ ነው፤ በሌላ እጁ በፌስታል የታረደች ዶሮ አንጠልጥሏል። ጠጉሩ ጆሮው አካባቢ ሸብቷል። ትንፋሽ አጥሮታል፤ ሲሮጥ እንደመጣ ያስታውቃል።

"እ... በዚህ ሳልፍ ነው" አለ።

ከዚያ በትከሻዋ አሻግሮ አባቷን ፈለገ። "ደኅና ነዎት አባባ? በስልክ አንቱ ሲሉኝ ጊዜ አንድ ነገር ሆነዋል ብዬ እኮ..."

"ደኅና ነኝ፤ አንተን ሽማግሌ አደርጋለሁ ብዬ ራሴን ሞኝ አደረግሁ እንጂ።" አባቷ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ወደ እሷ ሲዞር መስኮቱን አላየም። "እናትሽ ከሞተች በኋላ ሊጠይቀኝ መጣ። ያመጣሽው አልቆብኝ ደረቅ ዳቦ በሻይ ስበላ አገኘኝ። እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ዕረፍቱ ነው፣ ይመጣል። ዶሮ መበለት አቃተኝና 'እንደ ሰዓት ነው አባባ፤ መገጣጠሚያው ከተገኘ ሳይሰበር ይፈታል' አለኝ። ያኔ ገባኝ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ራሴ እሠራለሁ።"

"ለምን ደበቅከኝ?"

"ስሙን ካነሣሁ እግርሽን ታነሺያለሽ ብዬ ነዋ! እሱንም አትምጣ ማለት አልቻልኩም፣ አንቺም እንድትቀሪ አልፈለግሁም። ምን ላድርግ? አንቱ አልኩት።"

የበላችው ድንች አሁን ገና ምላሷ ላይ ተናገረ። ሽንኩርቱ ከሥር ትንሽ ጠቆር እስኪል ሆን ተብሎ ይተዋል፤ ስድስት ዓመት የበላችው እጅ ነው። ሴት የሚፈልግ ዓይኗ ምላሷንም አታሎታል።

ጥያቄዎቿ ተሰልፈው መጡ። ስለ እኔ ምን ስታወሩ ከረማችሁ? ወንድሜ ያውቃል? እና አንተ፣ ሌሎቹን ቀናት የት ነው የምታሳልፈው? እያንዳንዱ ጥያቄ ትክክል ነበር። እያንዳንዱም ከሦስታቸው አንዱን ሰው ከዚህ ቤት ያስወጣል፤ ይህንንም አወቀች።

እሱ የበሩ ደፍ ላይ እንደቆመ ፌስታሉን ወደ እሷ ዘረጋ። "ተቀበዪኝና ልሂድ። እውነቴን ነው፣ በዚህ ሳልፍ ነው።"

ፋብሪካው ያለው ከከተማው ሌላ ዳር ነው። የሱም ቤት እዚያው ነው። ከዚያ ተነሥቶ በዚህ ሰፈር የሚያልፍ የአውቶቡስ መስመር እንደሌለ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። እሱም ማወቋን ያውቃል። ዓይኑን ሳይሰብር መልሷን ጠበቀ።

ፌስታሉን አልተቀበለችውም። ከበሩ ገለል አለች።

"ካለፍክ አይቀር" አለች፣ "ግባና እጠባት። ድንቹን እኔ እልጣለሁ።"